የሴት ቴኒስ ሻምፒዮኖች የሙያ ሕይወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት በሜዳ ቴኒስ ሻምፒዮን ስለሆኑ ሴቶች የሙያ ጉዞ በብዛት የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው። በቴሌቪዥን የሚታየው ምቱ ነው፤ የአንዲትን ተጫዋች የሙያ ዕድሜ የሚወስነው ግን አብዛኛውን ጊዜ የውድድር ካሌንደሩ ነው። ስለዚህ መልሶቻችን ወደዚያው ያመዝናሉ። ዓመቶቹና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንዲት ተጫዋች "ሻምፒዮን" የምትባለው ምን ስታሸንፍ ነው?

ትልቁ መለኪያ አራቱ ግራንድ ስላሞች ናቸው። የአውስትራሊያ ኦፕን በጃንዋሪ ሜልቦርን ላይ ይካሄዳል። ሮላን ጋሮስ በሜይ መጨረሻ ፓሪስ ላይ፣ ዊምብልደን በጁን መጨረሻ ለንደን ላይ፣ ዩኤስ ኦፕን ደግሞ በኦገስት መጨረሻ ኒውዮርክ ላይ ይጀምራሉ። በእያንዳንዱ 128 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ዋንጫውን ለማንሣት 7 ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ ያስፈልጋል።

በነጠላ ብዙ ግራንድ ስላም የወሰደችው አውስትራሊያዊቷ ማርጋሬት ኮርት ናት፤ 24 አላት። ሴሬና ዊሊያምስ 23፣ ስቴፊ ግራፍ 22፣ ክሪስ ኤቨርትና ማርቲና ናቭራቲሎቫ ደግሞ እያንዳንዳቸው 18 አላቸው። ከኮርት 24 ዋንጫዎች 13ቱ የተገኙት ከ1968 በፊት ነው። ያኔ ፕሮፌሽናሎች በግራንድ ስላም አይሳተፉም ነበር፤ አውስትራሊያ ድረስ መጓዝም ሩቅና ውድ ስለነበር ብዙ ጥሩ ተጫዋቾች ይቀሩ ነበር። ኦፕን ዘመን ከሚባለው ከ1968 ወዲህ ያለው ብቻ ከተቆጠረ ሴሬና ትቀድማለች።

በአንድ ዓመት ውስጥ የተሠራ ነገር ከሆነ መለኪያው፣ የግራፍን 1988 የሚያህል የለም፤ አራቱንም ግራንድ ስላም ወስዳ በሴኡል ኦሎምፒክ ወርቅ ጨመረችበት። ናቭራቲሎቫን በነጠላ ብቻ መመዘን ደግሞ በደል ነው። በሴቶች ጥንድ 31፣ በድብልቅ ጥንድ 10 አላት፤ ሲደመር 59 የግራንድ ስላም ዋንጫ ነው።

የዓለም ደረጃ እንዴት ይሰላል? ለምንስ ዋንጫ የወሰደች ተጫዋች ድንገት ቁልቁል ትወርዳለች?

የሴቶች ቴኒስ ማኅበር፣ በተለምዶ ደብሊው ቲ ኤ የሚባለው፣ የአንዲትን ተጫዋች ያለፉት 52 ሳምንታት ውጤት ይወስድና ከዚያ ውስጥ በነጠላ የሚቆጠሩትን 18 ውድድሮች ይደምራል። ግራንድ ስላም ያሸነፈች 2000 ነጥብ ታገኛለች። በፍጻሜ የተሸነፈች 1300፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ የቀረች 780፣ ሩብ ፍጻሜ ላይ የቀረች 430 ይደርሳታል፤ በመጀመሪያው ዙር የተሰናበተች ደግሞ 10 ብቻ። ከግራንድ ስላም በታች ያሉት ውድድሮች ስማቸው ራሱ ለአሸናፊዋ የሚሰጡትን ነጥብ ይናገራል፤ 1000፣ 500 እና 250።

ችግሩ ነጥቡ የሚቆየው ለአንድ ዓመት ብቻ መሆኑ ነው። ዓምና በዚህ ሳምንት ያገኘችው ዘንድሮ በዚሁ ሳምንት ይወጣል፤ በምትኩ አዲሱ ውጤቷ ይገባል። ሮላን ጋሮስን ያሸነፈች ተጫዋች በዓመቱ ሩብ ፍጻሜ ብትደርስ ለሌላው ጥሩ ውጤት ነው፤ እሷ ግን 2000 አጥታ 430 ታገኛለች፣ በአንድ ውድድር 1570 ነጥብ ወረደባት ማለት ነው።

እንግሊዛዊቷ ኤማ ራዱካኑ የዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በ2021 ዩኤስ ኦፕን በ18 ዓመቷ፣ ከዓለም 150ኛ ሆና፣ ከማጣሪያ ተነሥታ 10 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ወዲያው በወጣው ሰንጠረዥ ደረጃዋ 23ኛ ሆነ። በ2022 እዚያው ኒውዮርክ በመጀመሪያው ዙር ስትሸነፍ ግን ያ ሁሉ ነጥብ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ከ11ኛ ወደ 83ኛ ወረደች። በዚያ ሳምንት የባሰ ተጫዋች አልሆነችም። ነጥቧ ከሞላ ጎደል በአንድ ውድድር ላይ የተከማቸ ስለነበር ነው። እነ ኢጋ ሽቪዮንቴክና አሪና ሳባሌንካ ላይኛው ደረጃ ላይ የሚቆዩት ነጥባቸው በዓመቱ ሁሉ የተበተነ ስለሆነ አንዱ ቢወጣ ሌላው ስለሚደግፋቸው ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ከፍተኛ ደረጃ ያላት ተጫዋች በግዴታ ውድድር ካልቀረበች ያ ውድድር ዜሮ ሆኖ ከ18ቱ ቦታ አንዱን ይይዝባታል። ለዚህ ነው ጉልበቷ የታሰረ ተጫዋች አንዳንዴ ሜዳ ላይ የምትታየው።

መንገዱ ከየት ይጀምራል?

ከታች፣ ተመልካች ከሌለበት። ዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን፣ አይ ቲ ኤፍ፣ የሚያዘጋጃቸው ዝቅተኛዎቹ የሴቶች ውድድሮች ደብሊው 15 ይባላሉ። ቁጥሩ የሽልማቱን ጠቅላላ ድምር ያሳያል፤ 15,000 ዶላር ነው፣ ያውም ለሁሉም ተሳታፊ የሚከፋፈል። አሸናፊዋ ከዚህ ሁለት ሺህ ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ታገኛለች፤ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈች 200 ዶላር እንኳ አይሞላላትም። ቱኒዚያ ውስጥ ሞናስቲር፣ ግብፅ ውስጥ ሻርም ኤል ሼክ እንዲህ ያሉ ውድድሮች በብዛት ይካሄዳሉ፤ አንድ ሆቴል ተይዞ ሳምንት በሳምንት እዚያው መጫወት ስለሚቻል የአውሮፕላን ወጪ ይቀንሳል።

በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ስም እንዲወጣ ወይ በሦስት ውድድር ነጥብ መያዝ፣ ወይ በድምሩ ቢያንስ 10 ነጥብ ማግኘት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶችና ወላጆች የሚሳሳቱበት ሒሳብ አለ። ደብሊው 15 ያሸነፈች 15 ነጥብ ታገኛለች። የሚቆጠሩት 18 ውድድሮች ስለሆኑ 18ቱንም ብታሸንፍ 270 ነጥብ ነው። ከምርጥ 100 ውስጥ ለመግባት ወደ 700 ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ታች ደረጃ ላይ ዋንጫ እየሰበሰቡ መቆየት የትም አያደርስም፤ አንዲት ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍጻሜ ከደረሰች ብትሸነፍም ወደ ደብሊው 35፣ ወደ 50፣ ወደ 75 መውጣት አለባት። ከፍ ያለ ውድድር ላይ ፍጻሜ ደርሶ መሸነፍ እንኳ የደብሊው 15 ዋንጫ ከማንሣት የበለጠ ነጥብ ያስገኛል።

ሌላው በር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቀድሞ እንደ መጨረሻ አማራጭ ይታይ ነበር፤ አሁን ያ አመለካከት ጊዜው አልፎበታል። ዳንዬል ኮሊንስ ለቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ እየተጫወተች በ2014 እና በ2016 የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆናለች፤ በ2022 ለአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ደርሳ በ2024 ማያሚን አሸነፈች። ኤማ ናቫሮም በ2021 ለዚያው ዩኒቨርሲቲ የኮሌጆች ሻምፒዮን ነበረች። ትምህርት፣ አሰልጣኝ፣ የጥንካሬ አሰልጣኝና ሐኪም በነጻ የሚገኝበት አራት ዓመት፣ ቤተሰቧ ገንዘብ ለሌለው ልጅ ከሞናስቲር ሆቴል ይሻላል ብለን እናምናለን።

ለምን 100ኛ ደረጃ ላይ እንዲህ ይተኮራል?

በግራንድ ስላም ዋና ሰንጠረዥ ካሉት 128 ቦታዎች 104ቱ በቀጥታ በደረጃ የሚሞሉ ናቸው። 16ቱ ከማጣሪያ ለሚመጡ፣ 8ቱ ደግሞ በዋይልድ ካርድ ለሚጋበዙ ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋው ከውድድሩ 6 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። በ2025 ዩኤስ ኦፕን በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈች ተጫዋች 110,000 ዶላር አግኝታለች፤ በዊምብልደን 66,000 ፓውንድ። አራት ጊዜ በዓመት ይህን ማግኘት የአሰልጣኝና የጉዞ ወጪን ይሸፍናል። 120ኛ ደረጃ ላይ ያለችው ግን ያንኑ ገንዘብ ለማየት በማጣሪያው ሦስት ጨዋታ ማሸነፍ አለባት።

ሴቶች ከወንዶች እኩል ይከፈላቸዋል?

በአራቱ ግራንድ ስላሞች አዎ። ይህ ግን በችሮታ የመጣ አይደለም።

በ1970 በሎስ አንጀለስ በተዘጋጀ አንድ ውድድር ለወንዱ አሸናፊ 12,500 ዶላር፣ ለሴቷ 1,500 ዶላር ተመደበ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 23 ቀን ዘጠኝ ሴቶች፣ ከእነሱም ቢሊ ጂን ኪንግና ሮዚ ካሳልስ፣ ሂውስተን ላይ በአንድ ዶላር የምሳሌ ውል ፈርመው የራሳቸውን ውድድር ጀመሩ። ከነባሩ ማኅበር ሊታገዱ እንደሚችሉ እያወቁ ነው የፈረሙት። በ1973 ኪንግ የመራችው ስብሰባ ለንደን ላይ ደብሊው ቲ ኤን መሠረተ፤ ዩኤስ ኦፕን በዚያው ዓመት የሁለቱን ጾታዎች ሽልማት እኩል አደረገ።

ዊምብልደን ለመከተል 34 ዓመት ፈጅቶበታል። በ2006 ወንዱ ሻምፒዮን 655,000፣ ሴቷ 625,000 ፓውንድ ይወስዱ ነበር። ልዩነቱ በገንዘብ ትንሽ ነው፤ ትርጉሙ ግን ትንሽ አልነበረም፤ ቬነስ ዊሊያምስም ይህንኑ በአደባባይ ጽፋ ተከራከረች። በ2007 ሁለቱም 700,000 ሆነ፤ የመጀመሪያውን እኩል ቼክ የተቀበለችውም ራሷ ቬነስ ናት። በ2025 የዊምብልደን ሽልማት 3 ሚሊዮን ፓውንድ፣ የዩኤስ ኦፕን 5 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ከግራንድ ስላም ውጭ ባሉት ብዙ ውድድሮች ላይ ግን የሴቶቹ ሽልማት አሁንም ከወንዶቹ ያንሳል።

በጋዜጣ የሚወጣው ቁጥር ኪስ የሚገባው እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። አሜሪካ ውስጥ ለውጭ ዜጋ ስፖርተኛ ከሽልማቱ 30 በመቶ ለግብር አስቀድሞ ይያዛል። አሰልጣኝ ሳምንታዊ ደመወዝ አለው፤ በዚያ ላይ ከሽልማት ድርሻ ይወስዳል፣ 10 በመቶ የተለመደ ነው። የጥንካሬ አሰልጣኙ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ፣ የልምምድ አጋሩ፣ የሁሉም ትኬትና ሆቴል በተጫዋቿ ሒሳብ ነው። በእግር ኳስ ክለቡ የሚከፍለውን በቴኒስ ተጫዋቿ ናት የምትከፍለው።

በስንት ዓመት ፕሮፌሽናል መሆን ይቻላል?

14 ዓመት ሳይሞላ አይቻልም። ከ14 እስከ 18 ባለው ጊዜ በዓመት የሚፈቀደው የውድድር ብዛት የተገደበ ሲሆን ዕድሜ ሲጨምር ቁጥሩም ይጨምራል፤ 18 ሲሞላ ገደቡ ይነሣል።

ሕጉ የጠበቀው በ1995 ነው፤ በሰፊው የሚጠቀሰው ምክንያትም ጄኒፈር ካፕሪያቲ ናት። በ1990 ገና 14 ሊሞላት ሳምንታት ሲቀሩ ፕሮፌሽናል ሆነች። በዚያው ዓመት ለሮላን ጋሮስ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ ከምርጥ 10 ገባች፤ በ1992 ባርሴሎና ላይ ግራፍን አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። በ1993 መጨረሻ ግን ከሜዳ ጠፋች። ተመልሳ በ2001 እና 2002 ሦስት ግራንድ ስላም ማሸነፏ ጥንካሬዋን ያሳያል፤ በመሃል የጠፉት ዓመታት ግን አልተመለሱም። ትሬሲ ኦስቲን በ1979 ዩኤስ ኦፕንን በ16 ዓመቷ አሸንፋ እስከ ዛሬ በዕድሜ ትንሿ የውድድሩ ሻምፒዮን ናት፤ ጀርባዋ ግን ቶሎ ተጎድቶ ሃያዎቹን በቅጡ ሳትጀምር ከላይኛው ደረጃ ወረደች።

ከምቶች ሁሉ የትኛው ነው ሻምፒዮን የሚያደርገው?

ሁለተኛው ሰርቭ። ሰርቭ እያንዳንዱን ነጥብ የሚያስጀምረው ምት ነው፤ የመጀመሪያው ከሳተ ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል። የመጀመሪያውን ሰርቭ በኃይል መምታት የሚችሉ ብዙ ናቸው፤ ያ ሲሳት በሁለተኛው ላይ ደፍራ የምትመታ ግን ጥቂት ናት።

ሳባሌንካ በ2022 ውስጥ ከ400 በላይ ደብል ፎልት፣ ማለትም ሁለቱንም ሰርቭ ስቶ ነጥብ ማጣት፣ ሠርታለች። በዓመቱ መጀመሪያ አዴሌድ ላይ ነገሩ ከእጇ ወጥቶ ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ጀማሪ፣ ሰርቭ እስከማድረግ ደርሳ ነበር። ብዙ ሰው ጭንቀት ነው አለ። እሷ ግን የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያጠና አሰልጣኝ ቀጥራ ሰርቩን ከሥሩ አስተካከለች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኳሱ ሲወረወር ቦታው ከተዛባ ክንድ በመጨረሻዋ ቅጽበት ለማካካስ ይጣደፋል፣ በተጨነቁ ቁጥርም ያ ማካካሻ ይበዛል። የእንቅስቃሴው ሰንሰለት ከእግር ጀምሮ ሲስተካከል ጭንቀቱ ቢኖርም ኳሱ ይገባል። በ2023 የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ የመጀመሪያዋ ነጥብ ደብል ፎልት ነበረች። ለዋንጫው አንድ ነጥብ ሲቀራትም ደብል ፎልት ሠራች። ቀጥላ ሰርቭ አደረገችና በአራተኛው ዕድል ኤሌና ሪባኪናን አሸነፈች። ከዚያ ወዲህ ሦስት ተጨማሪ ግራንድ ስላም ወስዳለች፤ አንዱን ሜልቦርን፣ ሁለቱን ኒውዮርክ ላይ።

የሜዳው ዓይነት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

በጣም። በሸክላ ሜዳ ኳሱ ይዘገይና ከፍ ብሎ ይነጥራል፤ በሣር ላይ ዝቅ ብሎ ይሸሻል። ሽቪዮንቴክ ኳሱን በኃይል እያሽከረከረች የምትመታ ስለሆነች በፓሪስ ኳሷ ከተጋጣሚዋ ትከሻ በላይ ይወጣል፤ ሮላን ጋሮስን አራት ጊዜ አሸንፋለች። ያው ምት በሣር ላይ ጉልበቱን ያጣል፣ ፎርሃንዷም (ራኬት በያዘችበት እጅ በኩል የምትመታው ምት) ረጅም ማወዛወዝ ስለሚፈልግ ኳሱ ቀድሟት ይደርሳል። በሁለቱ ውድድሮች መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። በፓሪስ እስከ መጨረሻ የተጫወተች ሰው ለሣር የሚተርፋት የልምምድ ቀን ጥቂት ነው።

በ2025 በፓሪስ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተሸነፈች፤ ቀደም ብላ ወደ ሣር ሄዳ ጀርመን ውስጥ ባድ ሆምቡርግ ላይ ተጫውታ ለፍጻሜ ደረሰች። ከዚያ ዊምብልደንን አሸነፈች፤ የፍጻሜው ውጤት 6 ለ 0 እና 6 ለ 0፣ ጊዜው 57 ደቂቃ ነበር። የተረፏት የሣር ቀናት ረድተዋታል የሚል እምነት አለን።

ስንት ራኬት ይዘው ይገባሉ? ለምንስ በመሃል ይቀይራሉ?

ከ6 እስከ 8 የተለመደ ነው። ፖሊስተር የሚባለው ክር ውጥረቱን በሰዓታት ውስጥ ያጣል፤ ስለዚህ ከጨዋታው በፊት በነበረው ምሽት ወይም ጠዋት ክሩ አዲስ ይወጠራል፣ በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ኪሎ። ክሩ ሲላላ ኳሱ ከታሰበው በላይ ይረዝማል፤ ተጫዋቿ ሁለት ሦስት ኳስ በኋላኛው መስመር አልፎ ሲወጣባት ራኬት ትቀይራለች።

ኳሶቹ ከመጀመሪያዎቹ 7 ጌሞች በኋላ፣ ከዚያም በየ9 ጌሙ ይቀየራሉ፤ ጌም ማለት አንዷ ተጫዋች ብቻ ሰርቭ የምታደርግበት የጨዋታው ክፍል ነው። አዲስ ኳስ ጸጉሩ ያልተነሣ ስለሆነ ይፈጥናል። ሰርቭ የምታደርገው ኳሱን ከፍ አድርጋ ለተጋጣሚዋ የምታሳየው ለዚህ ነው። ብልህ ተጫዋች አዲስ ራኬቷን ለዚያ ጌም ታስቀምጣለች።

ልጅ የወለደች ተጫዋች ተመልሳ ሻምፒዮን መሆን ትችላለች?

ትችላለች፣ ሆናለችም። ኮርት የመጀመሪያ ልጇን በ1972 ወልዳ በ1973 ከአራቱ ግራንድ ስላሞች ሦስቱን ወሰደች። ኢቮን ጉላጎንግ በ1980 እናት ሆና ዊምብልደንን አሸነፈች። ቤልጂየማዊቷ ኪም ክላይስተርስ በ2007 ራኬቷን ሰቅላ በ2008 ወለደች፤ በ2009 ተመልሳ ገና በሦስተኛው ውድድሯ፣ ደረጃ ሳይኖራት በዋይልድ ካርድ ገብታ ዩኤስ ኦፕንን ወሰደች። በ2010 ደገመችው፤ በ2011 የአውስትራሊያ ኦፕንን ጨመረች።

ሴሬና በ2017 የአውስትራሊያ ኦፕንን ያሸነፈችው የሁለት ወር ገደማ ነፍሰ ጡር ሆና ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን ከወለደች በኋላ የሳንባ ደም መርጋት አጋጥሟት ለሕይወቷ አስጊ ነበር። ከዚያም ተመልሳ በ2018 እና 2019 ለአራት የግራንድ ስላም ፍጻሜ ደረሰች፤ አራቱንም ተሸነፈች። ብዙዎች ይህን እንደ ውድቀት ይቆጥሩታል፤ እኛ ከታላላቅ ሥራዎቿ አንዱ እንለዋለን።

የእሷ መመለስ የሕግ ጥያቄም አስነሣ። ዓለም 1ኛ ሆና ነበር የወጣችው፤ ስትመለስ ደረጃዋ ወደ 450 አካባቢ ወርዶ ስለነበር በ2018 ሮላን ጋሮስ ከታላላቆቹ ጋር በመጀመሪያው ዙር እንዳትገናኝ የሚጠብቃት የሲድ ቦታ አላገኘችም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሕጉ ተሻሻለ። አሁን የወለደች ተጫዋች ልጇ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በቀድሞ ደረጃዋ እስከ 12 ውድድር መግባት ትችላለች። ልብ በሉ፤ የተጠበቀው ደረጃ በር ይከፍታል እንጂ ነጥብ አይሰጥም። 12ቱን ውድድር የት እንደምትጠቀምበት በጥንቃቄ መምረጥ አለባት፤ ሰውነቷ ሳይዘጋጅ ስድስቱን ያባከነች ተጫዋች ለታላላቆቹ ውድድሮች ይጎድልባታል። ከማርች 2025 ጀምሮ ደግሞ በሳዑዲ የኢንቨስትመንት ፈንድ ድጋፍ እስከ 12 ወር የሚደርስ ክፍያ ያለው የወሊድ ፈቃድ አለ።

የሁለት ልጆች እናት የሆነችው ጀርመናዊቷ ታትያና ማሪያ በ2022 በ34 ዓመቷ ለዊምብልደን ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ በ2025 በ37 ዓመቷ ለንደን ላይ የኩዊንስ ክለብን ዋንጫ ወስዳለች።

በዶፒንግ ሕግ ስሟ የተነሣ ሁሉ አጭበርባሪ ናት ማለት ነው?

አይደለም። ማሪያ ሻራፖቫ በ2016 ለዓመታት ስትወስደው የነበረ ሜልዶኒየም የተባለ መድኃኒት በዓመቱ መጀመሪያ የተከለከለ መሆኑን ባለማየቷ 15 ወር ታገደች። ሽቪዮንቴክ በ2024 ለእንቅልፍ የወሰደችው ሜላቶኒን በተከለከለ ንጥረ ነገር ተበክሎ በመገኘቱ አንድ ወር ታግዳለች። ሲሞና ሃሌፕ አራት ዓመት ተፈርዶባት በይግባኝ ወደ ዘጠኝ ወር ወረደላት፤ ውሳኔው ሲመጣ ግን አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ከሜዳ ርቃ ነበር፣ ከዚያ በኋላም ወደ ቀድሞ ቦታዋ አልተመለሰችም።

በተግባር እያንዳንዷ ከፍተኛ ተጫዋች በየቀኑ አንድ ሰዓት የት እንደምትገኝ አስቀድማ ታስመዘግባለች። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልተገኘች ንጹሕ ብትሆንም ጥፋት ነው። የምትወስደው ቪታሚን ሁሉ የታሸገበትን ዕቃ አስቀምጣ የምትቆየውም ለዚህ ነው፤ ብክለት ቢገኝ የሚያስመሰክርላት ያ ዕቃ ነው።

መቼ ነው የሚያቆሙት?

ሕግ የለውም። አሽሊ ባርቲ በጃንዋሪ 2022 በአገሯ የአውስትራሊያ ኦፕንን አሸንፋ፣ በማርች፣ ዓለም 1ኛ እንደሆነች፣ በ25 ዓመቷ ተሰናበተች። ቀደም ሲልም በ2014 ቴኒስን ትታ ክሪኬት ተጫውታ ተመልሳ ነበርና ራሷን ታውቃለች። ሴሬና በ2022 41 ሊሞላት ጥቂት ሲቀር አቆመች። ቬነስ ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያስከትል የሾግረን በሽታ እንዳለባት በ2011 ታወቀ፤ ሆኖም በ2017 ለሁለት የግራንድ ስላም ፍጻሜ ደረሰች፣ በጁላይ 2025ም በ45 ዓመቷ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ በነጠላ አንድ ጨዋታ አሸነፈች።

አፍሪካዊት ሻምፒዮን አለች? ከኢትዮጵያ የምትነሣ ልጅስ ምን ያስፈልጋታል?

በነጠላ ግራንድ ስላም የቀረበችው ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃቤር ናት። በ2022 እና 2023 ዊምብልደን፣ በ2022 ዩኤስ ኦፕን ለፍጻሜ ደርሳ ሦስቱንም ተሸነፈች፤ ዓለም 2ኛ ሆናለች። ለእኛ ቅርብ የሆነችው ኬንያዊቷ አንጄላ ኦኩቶዪ ናት፤ በ2022 በዊምብልደን የታዳጊ ሴቶች ጥንድ ዋንጫን አንሥታ፣ ከዚያ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ መንገድ መርጣለች።

አዲስ አበባ ውስጥ ለምትለማመድ ልጅ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ከፍታው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይፈጥናል፣ ይረዝማል፣ ሽክርክሪቱም ብዙ አያጎብጠውም። የአይ ቲ ኤፍ ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ ለከፍታ የተሠራ የተለየ ኳስ አለው። ኳስ ሲገዛ ወይም ከውጭ ሲላክ ጣሳው ላይ ይህ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል። በተራ ኳስ ብቻ የተለማመደች ልጅ ኳሱ እንዳይወጣባት እጇን መቆጠብ ትለምዳለች፤ ሞናስቲር ስትወርድ ያው ምት መረቡ ላይ ይቀራል ወይም አጭር ሆኖ ለተጋጣሚዋ ይመቻል። የከፍታ ኳስ ካልተገኘ የራኬቱን ክር አንድ ሁለት ኪሎ ማጥበቅ ይረዳል፤ ለውድድር ስትወርድ ደግሞ መልሶ ማላላት። ከተቻለም ከመጀመሪያው ጨዋታ አራት አምስት ቀን ቀድሞ መድረስ።

በአካል ማየት የሚቻለው የት ነው?

በዋሽንግተን አካባቢ ላለ ሰው በጁላይ መጨረሻ በሮክ ክሪክ ፓርክ፣ 16ኛው መንገድ ላይ የሚካሄደው ውድድር አለ። በፌብሩዋሪ ዶሃና ዱባይ ሁለቱም 1000 ነጥብ የሚሰጡ ውድድሮች ያዘጋጃሉ፤ የዓመቱ ምርጥ ስምንት የሚገናኙበት የማጠቃለያ ውድድር ከ2024 ጀምሮ በሪያድ ነው። ኒውዮርክ ላይ ከዩኤስ ኦፕን በፊት ባለው ሳምንት ማጣሪያውንም የታላላቆቹን ልምምድም ያለ ክፍያ ገብቶ ማየት ይቻላል። የልምምድ ሜዳው አጥር ሥር መቆም ከሩቅ መቀመጫ ይሻላል፤ ሁለተኛ ሰርቭ ስትለማመድ ከስንቱ ስንቱን እንደምታስገባ ቁጠሩ።